ዕጣ የተጣለበት መድኃኒት

ዕድሜያቸውን ቅኔ በማስተማር የፈጁት አለቃ፥ የጎረቤታቸው ልጅ በሚሠራበት ሕንፃ ከሦስተኛው ፎቅ መወጣጫ እንጨት ላይ ወድቆ ልቡናውን ከሳተ አራተኛ ቀኑ ነበርና፥ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሆስፒታል ሄደው ልጁንም እናቱንም ጠይቀው ሲመለሱ፥ ከቤታቸው ቡና ቀርቦ የጠበቅናቸው ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አንደኛዋ የእኅታቸው ልጅ፥ በውጭ አገርም በአገር ቤትም የራስ ጉዳት ሲያክሙ ከሚውሉት ሐኪሞች ወገን የሆነች፥ ፀጉሯ መሸበት የጀመረ ሴት ስትሆን፥ ሁለተኛው በልጅነቴ ከአለቃ ጉባኤ ተቀምጬ ቅኔውን ግን ሳልዘልቀው የቀረሁ እኔ ነኝ። የተነጋገሩትን ማታውኑ ጽፌ አስቀምጬዋለሁና እነሆ አቀርበዋለሁ፤ ሐኪሚቱ የጠቀሰቻቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንደ ሆኑ አንባቢ ይወቅልኝ።

አለቃ፦ ልጄ፥ የዚያ ልጅ እናት አንድ አደራ ጥላብኛለች። «አንጎልን ከጥፋት የሚጠብቅ መድኃኒት በውጭ አገር አለ ይላሉ፤ ያለኝን ሁሉ ሸጬም ቢሆን አስመጣዋለሁና ስሙን ብቻ ከእኅትዎ ልጅ ይጠይቁልኝ» አለችኝ። ስሙን ንገሪኝና ነገ ጧት ላድርስላት።

ሐኪሚቱ፦ ስሙን ልነግርዎ አልችልም፥ አባቴ፤ ስሙ ጠፍቶኝ ሳይሆን መድኃኒቱ ስለሌለ ነው።

አለቃ፦ በዚህ አገር የለም ማለትሽ ነው፥ ወይስ በዓለም?

ሐኪሚቱ፦ በዓለም። ራሱን የተመታ ሰው፥ ከምታቱ የተረፈው የአንጎሉ ሕዋስ እንዳይሞት ይጠብቃል ተብሎ በብዙ ሕሙማን ላይ ተፈትኖ፥ ፈተናውንም አልፎ ሊቃውንቱ የተስማሙበት መድኃኒት እስከ ዛሬ አንድም የለም። የተሞከረው ግን ብዙ ነው። ማግኒዚየም ተሞክሯል፤ ሲቲኮሊን ተሞክሯል፤ ዴክሳናቢኖል የሚባለውም ተሞክሯል፤ የሕሙማኑን ገላ ማቀዝቀዝ እንኳ ተሞክሯል። ሁሉም በአይጥ ላይ ሲታዩ የሚያስደንቁ ነበሩ፤ ወደ ሰው በመጡ ጊዜ ግን ከፊሉ ከምንም የማይሻል፥ አንዳንዱም ከምንም የከፋ ሆኖ ተገኘ።

አለቃ፦ የተሰበረ ነገር አይጠገንም ካልሽ ይገባኛል፤ ሸክላ ከተሰበረ በኋላ ስለ ማዳኑ ማን ያስባል? እነዚያ ሰዎች ግን ይህን ሁሉ ሲሞክሩ አንዳች ተስፋ ሳያዩ አይቀሩም።

ሐኪሚቱ፦ አይተዋል፤ ተስፋቸውም ከንቱ አልነበረም። ሁለት ሞት አለ ብለው ይያዙልኝ። ፊተኛው ልጁ መሬት በነካባት ቅጽበት የተፈጸመው ነው፤ የተቀደደው ተቀድዷል፥ የተበጠሰው ተበጥሷል፥ እርሱን የሚመልስ እጅ የለም። ሁለተኛው ግን በሰዓትና በቀን እየተቈጠረ፥ ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት አንዱ ለአንዱ በሚልከው ቅመም ነው፤ ከእነዚህም አንዱ ግሉታሜት ይባላል። በደኅናው ቀን ጠብ ጠብ እያለ በልክ የሚላከው ይህ ቅመም፥ ሕዋሱ በተጎዳ ጊዜ ግድቡ እንደ ተሸነቆረ ውሃ በአንድ ጊዜ ይፈስና፥ ምታቱ ያልደረሰበትን ጎረቤት ሕዋስ ደጁን ወለል አድርጎ እንዲከፍት ያስገድደዋል፤ በዚያም ደጅ ከልኩ ያለፈ ካልሲየም ይገባል፤ የገባውም ካልሲየም ለሕዋሱ ኃይል የሚያመነጩለትን ክፍሎች ያበላሽና ሕዋሱ ራሱን በራሱ እንዲበላ ያደርገዋል። በዚህ ላይ እብጠት ይጨመራል። የራስ ቅል አጥንት ነውና አይለጠጥም፤ በውስጡ ያለው ሲያብጥ፥ ክዳኑ በተመረገ ቡሃቃ ውስጥ እንደ ኮፈሰ ሊጥ መድረሻ ያጣና የገዛ ደም ሥሮቹን ይጨቁናል፤ ደም ያልደረሰው አንጎል ደግሞ እንደ ገና ይሞታል።

አለቃ፦ እንግዲህ የሞተው ያልሞተውን ይገድላል ማለት ነው።

ሐኪሚቱ፦ እንደዚያ ነው። ፊተኛውን ሞት ማስቀረት የሐኪም ሥራ አይደለም፤ መወጣጫውን ያሰረው ሰውና አሠሪው ያስቡበት። ሁለተኛው ግን ጊዜ ይሰጣል፤ ጊዜ ከሰጠ ደግሞ በመካከል ገብቶ የሚያግደው ነገር ይገኛል ብለው ብዙ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን ሰጥተውበታል። አሁን ለልጁ የሚደረግለት ምን እንደ ሆነ ለእናቱ ሊነግሯት ቢፈልጉ፥ ትንፋሹ እንዳይጎድል፥ የደሙ ግፊት እንዳይወድቅ ይጠበቃል፤ ራሱን ከፍ አድርገው ያስተኙታል፤ የተጠራቀመ ደም በሲቲ ስካን ከታየ አጥንቱ ተከፍቶ ይወጣል። ይህ ሁሉ ተርታ ነገር ይመስላል፤ የዳኑት ሰዎች ግን የዳኑት በዚሁ ተርታ ነገር ነው።

አለቃ፦ ታዲያ በአይጥ የሠራው በሰው ለምን እምቢ አለ? በአይጥና በሰው መካከል ያለው ልዩነት ሳይሞከር በፊትም የታወቀ ነበር።

ሐኪሚቱ፦ ልዩነቱ አይጥና ሰው በመሆናቸው ብቻ አይመስለኝም። በቤተ ሙከራ ያሉት አይጦች አንድ ዘር፥ አንድ ዕድሜ፥ አንድ መኖ ናቸው፤ ምታቱም በመሣሪያ ተለክቶ በአንድ ስፍራ፥ በአንድ ኃይል ያርፍባቸዋል፤ መድኃኒቱም ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው ጥቂት ደቂቃ ሳያልፍ ነው። ወደ ሆስፒታል የሚመጡት ሰዎች ግን አንዱ የሰባ ዓመት ሽማግሌ፥ ሌላው ሰክሮ ከደረጃ የወደቀ ጎልማሳ፥ ሦስተኛዋ መኪና የገጫት ልጅ ናት። በአንዱ ደም በአጥንቱና በአንጎሉ ሽፋን መካከል ይጠራቀማል፤ በሌላው አንጎሉ ራሱ ተቀጥቅጧል፤ በሦስተኛዋ አንዳች የሚታይ ደም ሳይኖር ረጃጅሞቹ የነርቭ ክሮች ተበጣጥሰዋል። ይህን ሁሉ እኛ «የራስ ጉዳት» በሚል በአንድ ስም እንጠራዋለን፤ ለዚያ አንድ ስምም አንድ መድኃኒት እንፈልግለታለን።

አለቃ፦ ስሙ አንድ ስለ ሆነ ነገሩም አንድ ይመስላችኋል። ይህ የሰዋስው ጥፋት ነው።

(ሐኪሚቱ ሳቀች፤ እኔ ግን አለቃ ባንድ ቃል የተናገሩትን ነገር የሙያው ሰዎች ለማስተዋል ስንት ዓመት እንደ ፈጀባቸው ከዚያ ወዲህ ስሰማ፥ መሳቋን አልወደድሁላትም።)

ሐኪሚቱ፦ ሰዋስው ካነሡ መለኪያችንን ልንገርዎ። በ1974 ዓ.ም. ግሬም ቲዝዴልና ብራያን ጄኔት የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በግላስጎ ከተማ፥ ሰው ልቡናውን ምን ያህል እንደ ሳተ የሚለካበት ሥርዓት አወጡ። ዐይኑን ይገልጣል ወይ፥ ይናገራል ወይ፥ እጅና እግሩን ያንቀሳቅሳል ወይ ተብሎ ይታይና፥ ከ3 ጀምሮ እስከ 15 ቍጥር ይሰጠዋል። ነርሷም ሐኪሙም፥ በሌሊትም በቀንም በአንድ ቃል እንዲነጋገሩ ያደረገ እጅግ መልካም ሥራ ነው፤ እኔም በየቀኑ እሠራበታለሁ። ነገር ግን የሚለካው የሰመመኑን ጥልቀት እንጂ መነሻውን አይደለም። ሰባት ቍጥር የተሰጣቸው ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ በሽታ ሊኖራቸው ይችላል፤ የመድኃኒት ፈታኞች ግን ብዙ ጊዜ በዚያ ቍጥር ብቻ አንድ መዝገብ ውስጥ አስገቧቸው።

አለቃ፦ እሺ። «አንዳንዱ ከምንም የከፋ ሆኖ ተገኘ» ያልሽው ግን አልፈሽው ሄድሽ። መርዝ ሰጥተዋል ማለትሽ ነው?

ሐኪሚቱ ስኒዋን አስቀመጠች። ይህን ጥያቄ ስትጠብቀው የቆየች ይመስለኛል።

ሐኪሚቱ፦ እኔም ሰጥቻለሁ፥ አባቴ። ስቴሮይድ የሚባል የመድኃኒት ወገን አለ፤ በአንጎል ውስጥ ዕጢ የበቀለበት ሰው ሲወስደው በዕጢው ዙሪያ ያለው እብጠት በእውነት ይቀንሳል፥ ሰመመን ውስጥ የነበረውም ሲነቃ በዐይናችን አይተናል። እንግዲህ የዕጢውን እብጠት ካጎደለ የምታቱን እብጠት ለምን አያጎድልም ተባለ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይም በብዙ አገር ተሰጠ። ወጣት ሐኪም ሆኜ በሠራሁበት ሆስፒታል ሳይሰጥ ቢቀር የሚያስወቅስ ነበር። ሌሊት ተረኛ ሆኜ በደም ሥር ስከፍተው፥ ለዚህ ሰው አንድ ነገር አደረግሁለት ብዬ ልቤ ያርፍ ነበር።

አለቃ፦ በርኅራኄ የተሰጠ ነው እንጂ በክፋት አይደለም።

ሐኪሚቱ፦ በርኅራኄ መሆኑን ማንም አልካደም። በ1997 ዓ.ም. ሁለት ተመራማሪዎች እስከዚያ ጊዜ የተደረጉትን 13 ትንንሽ ሙከራዎች፥ ባንድነት ሁለት ሺህ ያህል ሰው የገባባቸውን፥ ሰብስበው ቢደምሩ፥ ስቴሮይድ ከመቶ ሰው ሁለት ያህል ከሞት ሳያድን አልቀረም የሚል ጭላንጭል ታየ፤ ነገር ግን ቍጥሩ ጥቂት ነበርና፥ ያው ድምር ምንም አያደርግም ለሚልም፥ ይጎዳል ለሚልም ቦታ የሚለቅ ነበር።

አለቃ፦ ከመቶ ሁለት! ይህን ለማወቅ ይህ ሁሉ ድካም?

ሐኪሚቱ፦ በዓለም ላይ ራሳቸውን የሚመቱት ሰዎች በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ናቸውና፥ ከመቶ ሁለት ማለት ብዙ ሺህ ነፍስ ነው። ግን ደግሞ ከመቶ ሁለትን አንድ ሐኪም በሕይወቱ ሙሉ ቢያክም በዐይኑ አያየውም። የምናስታውሰው የነቃውን ነው፤ ያልነቃውንማ ጉዳቱ ከባድ ነበር እንላለን። እንዲህ ያለውን ትንሽ ልዩነት ገልጦ የሚያሳየው የብዙ ሰው ቍጥር ብቻ ስለ ሆነ፥ በለንደን የንጽሕናና የቆላ አገር ሕክምና ትምህርት ቤት እነ ኢያን ሮበርትስ ሃያ ሺህ ሰው የሚገባበት «ክራሽ» የተባለ ሙከራ አሰናዱ። በ1999 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ49 አገሮች ያሉ 239 ሆስፒታሎች ገቡበት። ጉዳት ከደረሰበት ስምንት ሰዓት ያላለፈው ሰው፥ ግማሹ ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ 48 ሰዓት በደም ሥሩ ያገኛል፤ ግማሹ መልኩ አንድ የሆነ፥ ውስጡ ግን መድኃኒት ያልሆነ ነገር ያገኛል። ለማን የትኛው እንደ ደረሰው በሽተኛውም፥ ሰጪው ሐኪምም አያውቅም።

አለቃ፦ ቆይ፥ ቆይ። ለሞት የቀረበ ሰው ፊታችሁ ተኝቶ፥ ለግማሹ መድኃኒት፥ ለግማሹ ውሃ? ማን ነው የመረጠው?

ሐኪሚቱ፦ ዕጣ።

አለቃ፦ ዕጣ! ጭፍሮቹ ከመስቀሉ ሥር ተቀምጠው በጌታ ልብስ ላይ የተጣጣሉት ዕጣ ነው ትዝ ያለኝ። ሰው ሲሞት እያዩ ዕጣ መጣል የማን ሥራ እንደ ነበረ መጽሐፉን አስተምሬሽ ነበር።

(ድምፃቸው ከፍ ስላለ፥ ቡና የምታፈላው ልጅ ደንግጣ ከጓዳ ብቅ አለች።)

ሐኪሚቱ፦ አስተምረውኛል፤ ያስተማሩኝም ዕጣ ያ ብቻ አልነበረም። ይሁዳ በጠፋ ጊዜ፥ በጎደለው ስፍራ ማን ይግባ ተብሎ ዮሴፍና ማትያስ የቆሙ ዕለት ሐዋርያት ምን አደረጉ?

አለቃ፦ ዕጣ ጣሉ፤ ለማትያስም ወጣ። ነገር ግን ያ ሌላ ነው። ጸልየው ነው የጣሉት፤ ሁለቱም ከመጀመሪያው ጀምሮ አብረው የነበሩ፥ በምግባርም የተካከሉ ስለ ነበሩ፥ ይህኛው ከዚያኛው ይሻላል ብሎ መፍረድ ከሰው ዐቅም በላይ ሆኖባቸው ነው።

ሐኪሚቱ፦ እኔም ከዚህ የተለየ ነገር የለኝም። ከሁለቱ አንዱ የተሻለ መሆኑ የታወቀ ቢሆን ኖሮ፥ ዕጣ መጣሉ ኃጢአት ነበር፤ እኛም ራሳችን አንገባበትም። ዕጣው የሚፈቀደው፥ የትኛው እንደሚሻል እውነተኛ ሐኪሞች አጥብቀው ጠይቀው ማወቅ ሲያቅታቸው ብቻ ነው። ደግሞም ዕጣ ባይኖር የምንመርጠው እኛ ነን፤ ስንመርጥም ሳይታወቀን ይድናል ብለን ለምናስበው መድኃኒቱን፥ ተስፋ ለቆረጥንበት ውሃውን እንሰጣለን፤ መጨረሻ ላይ የዳነው ሰው በመድኃኒቱ ይዳን ወይስ ገና ከመነሻው የሚድን ይሁን የሚለየው አይገኝም። ዕጣ የምንጥለው እኛ ስለምናዳላ ነው።

አለቃ፦ እኔ በዚያ አልጋ ላይ ብተኛ ልጄ ዕጣ እንድትጥልብኝ አልፈልግም።

ሐኪሚቱ፦ ያን ጊዜ ያለ ዕጣ ስቴሮይዱን እሰጥዎ ነበር፤ ስለምወድዎ።

አለቃ፦ ከዚያስ?

ሐኪሚቱ፦ ሙከራው ሲካሄድ ቍጥሩን በሥውር የሚመረምር፥ የትኛው ወገን ምን እንደ ወሰደ እያወቀ ለአካሂያጆቹ ግን የማይናገር ጉባኤ አለ። በግንቦት ወር 2004 ዓ.ም. ያ ጉባኤ ሙከራው ይቁም አለ። የገቡት 10,008 ሰዎች ነበሩ፤ በሁለቱም ወገን አምስት አምስት ሺህ ያህል ማለት ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ፥ ውሃውን ካገኙት 893 ሰዎች ሞተዋል። መድኃኒቱን ካገኙት የሞቱት 1,052 ናቸው።

አለቃ ወዲያው አልመለሱም። የቅኔ ተማሪዎቻቸው ሲሳሳቱ እንደሚያደርጉት ጣታቸውን በጉልበታቸው ላይ እያንቀሳቀሱ ቈጠሩ እንጂ።

አለቃ፦ መቶ ሃምሳ ዘጠኝ።

ሐኪሚቱ፦ መቶ ሃምሳ ዘጠኝ። ከመቶ ሰው 17.9 ይሞት በነበረበት 21.1 ሞተ። ከስድስት ወር በኋላም ሲቈጠር ልዩነቱ እንዳለ ነበር። በምን እንደ ገደለ ተመረመረ፤ የተመረዘ ቁስል ነው ወይስ የሆድ መድማት ተባለ፤ ሁለቱም ትርፉን ሞት ሊያስረዱ አልቻሉም።

እኔም እዚህ ላይ ጣልቃ ገብቼ፥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲሰጡት የኖሩት ሐኪሞች ይህን በሰሙ ጊዜ ምን አሉ ብዬ ጠየቅኋት። ጥቂቶች ሙከራውን ሊነቅፉ ሞከሩ፤ የቀሩት ግን መስጠቱን ተዉ፤ ዛሬ የሕክምናው መመሪያዎች ለራስ ጉዳት ይህ መድኃኒት አይሰጥም ይላሉ አለችኝ። «እኔም በወሬው ማግስት ተረኛ ነበርኩ፤ ከመደርደሪያው ላይ አየሁትና እጄን ሰበሰብሁ» ብላ ጨመረች።

አለቃ፦ ዕጣው ምንም ያልሰጣቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ የተባረኩት። እሺ፥ በዕጣው ረታሽኝ። በአንድ ነገር ግን አትረቺኝም። ማትያስ ቆሞ ነበር፥ ፈቅዶም ነበር። ይህ የተኛው ሰው ግን ልቡናው የለም፤ ሙከራ ይደረግብህ ተብሎ ማን ጠየቀው?

ሐኪሚቱ፦ ይህ ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ነው። በአሜሪካ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ ወጥቶለታል። ሕመሙ ለሞት የሚያሰጋ፥ ያለው ሕክምናም የማያስተማምን ሲሆን፥ ሰውዬውን መጠየቅ ካልተቻለና ዘመድም በሰዓቱ ካልተገኘ፥ ሳይጠየቅ ወደ ሙከራው ሊገባ ይችላል፤ ነገር ግን ሙከራው ሳይጀመር በዚያ አካባቢ የሚኖረው ሕዝብ ተሰብስቦ እንዲመክርበትና እንዲያውቀው ግዴታ ነው። አልፈልግም የሚል ሰው በእጁ የሚያጠልቀው አምባር የሚሰጥበት ሙከራም አለ፤ ያን አምባር ያሰረ ሰው ወድቆ ቢመጣ አይነካም።

አለቃ፦ ሕፃን ሲጠመቅ አፍ የለውምና የክርስትና አባቱ ስለ እርሱ ይመልሳል፤ ሰይጣንን ስለ እርሱ ይክዳል፥ ሃይማኖቱን ስለ እርሱ ይመሰክራል። ሕዝቡ የክርስትና አባት ሆነለት ልበል?

ሐኪሚቱ፦ ደስ የሚል ንግግር ነው፤ እኔም እንዲህ ብዬ አስረድቼው ቢሆን በወደድሁ።

አለቃ፦ አትውደጂው፤ ይጎድለዋል። የክርስትና አባት የሚመልሰው ለዚያው ለሕፃኑ ጥቅም ነው፤ የሚሰጠውም ነገር መልካም መሆኑ አስቀድሞ ታውቋል። የእናንተ ሕዝብ ግን የሚፈቅደው ያልታወቀውን ነው፤ ጥቅሙም ለተኛው ሳይሆን ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ነው። ከ10,008 ሰዎች አንዱ እንኳ የደከመው ለራሱ አልነበረም።

ሐኪሚቱ፦ እውነትዎን ነው፥ መልስ የለኝም። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ግን እነማን እንደ ሆኑ ያስቡ፤ እርስዎ ዛሬ የጠየቁት ልጅ አንዱ ነው። ያ ሙከራ ባይደረግ ይህን ጊዜ ስቴሮይድ ሲንጠባጠብለት ያዩ ነበር፤ እናቱም እጅ ትነሣ ነበር።

ቡናው ሁለተኛ ዙር ደረሰ። አለቃም ስኒያቸውን ተቀብለው፥ ከቍጣቸው በርደው፥ ሌላ ነገር እንድታወራቸው ጠየቋት፤ እርሷም የፕሮጄስትሮንን ነገር አነሣች። ነገሩ የተጀመረው ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአትላንታ ከተማ፥ በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ኋላ የሠራው ዶናልድ ስታይን፥ አንጎላቸው የተጎዳ ሴቶች አይጦች ከወንዶቹ የተሻለ ሲያገግሙ አይቶ ምክንያቱን በመፈለጉ ነው። ፅንስን በማኅፀን ደግፎ የሚያቆየው ሆርሞን የአንጎልንም እብጠት የሚቀንስ ሆኖ ታየው። አለቃ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

አለቃ፦ በማኅፀን ያለውን የሚጠብቅ፥ በራስ ቅል ያለውንም ይጠብቃል። ይህስ እውነት ቢሆን ያምር ነበር።

ሐኪሚቱ፦ ማማሩ ብዙ ሰው አሳስቷል። መጀመሪያ በአትላንታ መቶ ሰው ላይ ተሞከረ፤ ወሬው በ2007 ዓ.ም. ወጣ። ሆርሞኑን ካገኙት በሠላሳ ቀን ውስጥ የሞቱት ከመቶ 13፥ ካላገኙት የሞቱት ከመቶ 30 ነበሩ። ተስፋው ምን ያህል እንደ ነበረ ይገመታል።

አለቃ፦ ካላገኙት ስትዪ፥ ስንት ሰዎች ነበሩ?

ሐኪሚቱ፦ ሰባ ሰባቱ አገኙ፥ ሃያ ሦስቱ አላገኙም።

አለቃ፦ ከሃያ ሦስት ከመቶ ሠላሳ፥ ሰባት ሰው አይደለም? ከሰባቱ ሦስቱ ተርፈው ቢሆን ኖሮ ወሬው ሁሉ ይጠፋ ነበር። በሦስት ሰው ነፍስ ላይ የቆመ ተስፋ ነው።

(ይህን የተናገሩት ሰው በዘመናዊ ትምህርት ቤት አንድ ቀን ያልዋሉ ናቸው። በዘመናዊው የተማርነው እኛ ከመቶ ሠላሳ ሲሉን ከመቶ ሠላሳ ብለን እንቀበላለን፤ መቶው ሃያ ሦስት መሆኑን አንጠይቅም።)

ሐኪሚቱ፦ ስለዚህ ነው ትልቅ ሙከራ ያስፈለገው። ዴቪድ ራይት በሚመራው ሙከራ፥ በአሜሪካ 49 ሆስፒታሎች፥ ጉዳቱ ከደረሰ አራት ሰዓት ሳያልፍ ተጀምሮ 96 ሰዓት እንዲሰጥ ሆነ። ሊገቡ የታሰቡት 1,140 ነበሩ፤ 882 ሲደርሱ ከዚህ በኋላ ቢቀጥልም ጥቅም አይገኝበትም ተብሎ ቆመ። መልካም ማገገም ያገኙት፥ ሆርሞኑን ከወሰዱት ከመቶ 51፥ ካልወሰዱት ከመቶ 55.5 ሆኑ። በ21 አገሮች፥ 1,195 ሰዎች የገቡበት ሌላ ሙከራም እንዲሁ ከንቱ ሆነ፤ የሁለቱም ውጤት በ2014 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በአንድ መጽሔት አብሮ ወጣ።

አለቃ፦ ሃምሳ አምስቱ ምንም ሳይወስዱ ዳኑ?

ሐኪሚቱ፦ በነርሲቱ፥ በአየሩ፥ በደሙ ግፊት ጥበቃ፥ በቀዶ ጥገናው ዳኑ። ተርታ ነገር ያልሁዎት እርሱ ነው።

አለቃ፦ እንግዲህ ባዶ እጄን ወደዚያች ሴት ልሂድ? ከዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ነገር እንኳ አልወጣም?

ሐኪሚቱ፦ አንድ ነገር ወጥቷል፤ ግን ከተጠበቀበት በር አልወጣም። በጃፓን ኡታኮ ኦካሞቶ የምትባል ሐኪም ነበረች፤ የሚጠብቅላት ሰው ስለ ጠፋ ሴት ልጇን በጀርባዋ አዝላ ወደ ቤተ ሙከራ ትገባ ነበር ይባላል። ከባሏ ጋራ ሆና፥ የረጋ ደም ተመልሶ እንዳይሟሟ የሚያደርገውን ትራኔክሳሚክ አሲድን በ1962 ዓ.ም. ገለጠች፤ አሳቧ በወሊድ ጊዜ ደም ፈስሷቸው ስለሚሞቱ እናቶች ነበር። መድኃኒቱ የአንጎልን ሕዋስ አይነካም፥ አይጠብቅምም፤ የሚያደርገው በራስ ቅል ውስጥ መድማቱ እንዳይቀጥል መርዳት ነው። እነዚያው የለንደን ሰዎች ከ2012 እስከ 2019 ዓ.ም. በ29 አገሮች ከ12,000 በላይ ሕሙማን ላይ ዕጣ ጣሉ። በሦስት ሰዓት ውስጥ የታከሙት ሁሉ ባንድነት ሲቈጠሩ ልዩነቱ ትንሽና የማያስተማምን ሆነ፤ ጉዳታቸው ቀላልና መካከለኛ የሆኑት ብቻ ሲታዩ ግን፥ በራስ ጉዳት የሚሞተው ከመቶ 7.5 የነበረው ወደ 5.8 ወረደ። ጉዳቱ ከባድ በሆነባቸው ምንም አልፈየደም፤ በእነርሱ የሚፈሰው አስቀድሞ ፈስሷልና። ከሁሉም ይልቅ የረዳው ቶሎ የተሰጣቸውን ነው።

አለቃ፦ ለልጁ ተሰጥቶት ይሆን?

ሐኪሚቱ፦ አላየሁትምና አላውቅም። የሚጠቅመው ግን በሦስት ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው፤ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ለእናቱ፥ አንዳች ነገር አትሽጪ ይበሏት። ከውጭ አስመጣለሁ፥ አንጎል ይጠግናል የሚላት ሰው ቢመጣ ገንዘቧን እንዳትሰጠው፤ ገንዘቡ ልጇ ሲነሣ ለሚያስፈልገው ነገር ይሆናል፤ መነሣቱ ይዘገያልና።

አለቃ፦ ይህን እነግራታለሁ። ቢከብዳትም እነግራታለሁ።

ሦስተኛው ቡና ቀርቦ ማንም ሳይጠጣው ቆየ። ሐኪሚቱ ለመሄድ ስትነሣ አለቃ በእጃቸው እንድትቀመጥ አመለከቷት።

አለቃ፦ እነዚያን መቶ ሃምሳ ዘጠኙን፥ ስማቸውን የሚያውቅ አለ?

ሐኪሚቱ፦ የሞቱትን ሁሉ ሆስፒታሎቻቸው ያውቋቸዋል። መቶ ሃምሳ ዘጠኙን ግን ማንም አያውቃቸውም፥ ሊያውቃቸውም አይችልም። ከ1,052ቱ መካከል ናቸው፤ ያለ መድኃኒቱም ይሞት የነበረው የትኛው፥ በመድኃኒቱ የሞተው የትኛው እንደ ሆነ የሚለይበት መንገድ የለም። ቍጥሩ እውነት ነው፤ ሰዎቹ ግን አይታዩም።

አለቃ፦ አንቺ ከሰጠሻቸውስ?

ሐኪሚቱ፦ እኔ ስሰጥ አልቈጠርሁም። ማንም አልቈጠረም፤ ሙከራ አልነበረምና። አንድ ብቻ አስታውሳለሁ፤ የከባድ መኪና ረዳት ነበረ፥ ሃያ ዓመት የማይሞላው። ሌሊቱን ሙሉ ሲንጠባጠብለት አጠገቡ ተቀምጬ አደርሁ። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ከሚሞቱት ነበረ ወይስ ከእነዚያ፥ እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ።

አለቃ፦ ስሙ ማን ነበር?

ነገረቻቸው፤ እኔ እዚህ አልጽፈውም። የክርስትና ስሙን ጠየቋት፤ አላውቅም አለች። አለቃም ከመጽሐፋቸው መካከል አጣጥፈው ያስቀመጧትን፥ በየቅዳሴው ይዘዋት የሚሄዱትን ወረቀት አውጥተው ወደ እኔ ዘረጉልኝ፤ ዐይናቸው ደክሟልና ከሁሉ ግርጌ በተጸውዖ ስሙ እንድጽፈው አዘዙኝ፤ ከበላዩም የጎረቤታቸውን ልጅ ስም፥ ከሕያዋን ወገን፥ ለብቻው።